በፔስ 2021 የራስን ተጫዋች መፍጠርና ማሳደግ፦ ደረጃ በደረጃ የተዘጋጀ መመሪያ

ሐዋሳ ላይ ፕሌይስቴሽን ቤት ከፍቼ ከተቀመጥኩ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሳይቀርብልኝ ያለፈ ቅዳሜ የለም። ልጆቹ ጆይስቲክ ከመያዛቸው በፊት «እኔን እዚህ ጌም ውስጥ ማስገባት ይቻላል?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ይቻላል ስላቸው ደግሞ «በናትህ አሁኑኑ አስገባኝ» እያሉ ከጎኔ ይቆማሉ። ሥራው በአምስት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም፤ ወረፋ የያዘ ሰው እያለም ለእያንዳንዱ ቁጭ ብዬ ማስረዳት አልችልም። ስለዚህ የምሠራበትን መንገድ ከነምክንያቱ ከዚህ በታች ጽፌዋለሁ።

መመሪያው በፕሌይስቴሽን 4 ላይ ለሚጫወቱት ፔስ 2021 ለተባለው የእግር ኳስ ጌም የተዘጋጀ ነው። ይህን እትም የመረጥኩት ከእርሱ ቀጥሎ የመጣው ኢፉትቦል ሲወጣ ተጫዋችን እንደ ልብ የሚያስተካክሉበት የኤዲት ክፍል ስላልነበረው ነው። በ2019 እና በ2020 እትሞችም አብዛኛው ነገር ተመሳሳይ ሲሆን፣ የሜኑው አቀማመጥ ግን እዚህም እዚያም ሊለያይ ይችላል።

የሚያስፈልጉ ነገሮች

• ፕሌይስቴሽን 4 እና የተጫነ ፔስ 2021።
• በኤክስፋት ወይም በፋት 32 ፎርማት የተደረገ ፍላሽ። በኤን ቲ ኤፍ ኤስ የተዘጋጀ ፍላሽ ኮንሶሉ አያነብም። ፎርማት ማድረግ በፍላሹ ውስጥ ያለውን ሁሉ ስለሚያጠፋ ፎቶና ዘፈን ካለበት አስቀድመው ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩ።
• ደብተርና እርሳስ። ብዙዎች ይህን ንቀው ያልፉታል፤ እኔ ግን ያለ ደብተር የተሠራ ተጫዋች ተስተካክሎ ሲወጣ አላየሁም።
• የሚሠሩት ሰው እውነተኛ ከሆነ ሁለት ፎቶ፣ አንዱ ከፊት ሌላው ከጎን የተነሣ።
• ለመጀመሪያው ተጫዋች ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ በዚያም ጊዜ የማይቋረጥ መብራት።

ከመጀመርዎ በፊት ሊጠነቀቁባቸው የሚገቡ ነገሮች

በመጀመሪያ ደረጃ የመብራት ነገር አለ። ኮንሶሉ መረጃ እያስቀመጠ ባለበት ቅጽበት ኃይል ከተቋረጠ ፋይሉ ሊበላሽ ይችላል። አንድ ክረምት የሰፈራችንን ቡድን አሥራ አራት ተጫዋቾች ሁለት ሌሊት ፈጅቼ ሠርቼ፣ የመጨረሻውን ሳስቀምጥ ዝናቡ በረታና መብራት ሄደ። ሲመለስ ኮንሶሉ በአግባቡ አልተዘጋም ብሎ ማከማቻውን መፈተሽ ጀመረ፤ ጌሙን ስከፍት የኤዲት ፋይሉ አይነበብም ነበር። ቅጂ ስላልያዝኩ አሥራ አራቱንም እንደ አዲስ ሠራሁ። ከዚያ ወዲህ በየሦስት ተጫዋች አንድ ጊዜ በፍላሽ ቅጂ እወስዳለሁ። ዝናብ ሲያጉረመርምም የኤዲት ክፍሉን አልከፍትም። ኮንሶሉን ሌሎች ብዙ ዕቃዎች በተሰካኩበት ዲቫይደር ላይ አለመሰካትም ይረዳል፤ ሰው እግሩ ሲያደናቅፈው ወይም ቻርጀር ሲነቅል ሶኬቱ ተነቃንቆ የሚጠፋው ከመብራት መሄድ ባልተናነሰ ነውና።

ሁለተኛው ጉዳይ የአካውንት ነው። በፕሌይስቴሽን 4 የተቀመጠ የጌም መረጃ ከተሠራበት አካውንት ጋር የተያያዘ ስለሆነ፣ በጓደኛዎ አካውንት ገብተው የሠሩትን ተጫዋች ወደ ራስዎ አካውንት ማዞር አይችሉም። ጌም ቤት ሄደው ለመሥራት ያሰቡ ሁሉ ይህን አስቀድመው ይወቁ።

አሠራሩ

1. ያለዎትን መረጃ ወደ ፍላሽ ይቅዱ።

ከጌሙ ሙሉ በሙሉ ይውጡና ወደ ኮንሶሉ ሴቲንግ ይግቡ። አፕሊኬሽን ሴቭድ ዳታ ማኔጅመንት የሚለውን ከፍተው በሲስተም ስቶሬጅ ያለውን መረጃ ይምረጡና ወደ ዩ ኤስ ቢ ይቅዱት። የኤዲት ፋይሉ ከማስተር ሊግ (አንድን ክለብ ይዘው ለዓመታት ከሚመሩበት የጨዋታ ክፍል) ፋይል ተለይቶ ስለሚቀመጥ ሁለቱንም መቅዳትዎን ያረጋግጡ። ይህ ደረጃ መጀመሪያ ላይ የተቀመጠው በኋላ የሚፈጠረውን ማንኛውንም ስሕተት መመለሻ ስለሚሆን ነው፤ ቁጥር አበላሽተው ቢያስቀምጡ ጌሙ ራሱ የቀድሞውን ፋይል አያስታውስልዎትም።

2. ኦፕሽን ፋይል የሚጭኑ ከሆነ ከተጫዋቹ በፊት ይጫኑ።

የክለቦችን ትክክለኛ ስምና ማሊያ የያዘ ኦፕሽን ፋይል ያላችሁ ብዙ ናችሁ። ፋይሎቹ በፍላሹ የመጀመሪያ ገጽ ላይ «ደብልዩ ኢ ፒ ኢ ኤስ» በሚሉት አምስት የላቲን ካፒታል ፊደላት በተሰየመ ፎልደር ውስጥ መግባት አለባቸው፤ የፎልደሩ ስም በአንድ ፊደል ከተሳሳተ ጌሙ ምንም እንዳልተሰካ ይቆጥራል። ቡድን ሲያስገቡ የተጫዋችና የስብስብ መረጃም አብሮ ይግባ ወይ ተብለው ይጠየቃሉ። አዎ ካሉ የቡድኑ ዝርዝር በአዲሱ ይተካል፤ ቀደም ብለው እዚያ ቡድን ውስጥ ያስቀመጡት ተጫዋችም ከስብስቡ ይወጣል። ቅደም ተከተሉ የሚያስፈልገው በዚህ ምክንያት ነው።

3. ተጫዋቹን በደብተር ላይ ይሥሩት።

ማንንም ሰው ተጫዋቹ ምን ይችላል ብለው ቢጠይቁት ያለማቋረጥ ይዘረዝርልዎታል። እርስዎ ግን ምን አይችልም ብለው ይጀምሩ። ለምሳሌ ያህል አንድ ቢኒ የሚባል ልጅ እንሥራ እንበል። ቢኒ የፈጠርኩት ሰው ነው፣ ነገር ግን እንደ እርሱ ያለ ልጅ ከታቦር ተራራ ግርጌ እስከ ሐይቁ ዳር በየሜዳው አይታጣም። ዕድሜው 19፣ ቁመቱ 168 ሴንቲ ሜትር፣ ክብደቱ 60 ኪሎ ነው። በግራ ክንፍ ይጫወታል፣ በግራ እግሩ ይመታል። በደብተሩ ላይ መጀመሪያ የሚጻፈው ይህ ነው፦ በጭንቅላት አይመታም፤ ትከሻ ለትከሻ ሲጋጩት ይወድቃል፤ ቀኝ እግሩ ለመቆሚያ ብቻ ነው፤ ኳስ ከተነጠቀ ለመመለስ አይሮጥም። ከዚህ በኋላ የሚችለው ይጻፋል፦ ከቆመበት ሲነሣ አይያዝም፣ ኳስ እግሩ ላይ ትጣበቃለች፣ ክሮሱ ጥሩ ነው።

እነዚህ ሰባት ነገሮች በኋላ ቁጥር ሲሞሉ መሪዎ ይሆናሉ። ያለ እነርሱ እጅዎ ወደ 99 መሄዱ አይቀርም።

4. መሠረታዊ መረጃውን ይሙሉ።

ከጌሙ ኤዲት ገብተው የተጫዋቾችን ክፍል ይክፈቱና አዲስ ተጫዋች የመፍጠሪያውን ምርጫ ይጫኑ። ስም የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነው። ሁለት የስም ቦታዎች አሉ፤ አንደኛው በዝርዝር ላይ የሚታየው ሲሆን ሁለተኛው በማሊያው ጀርባ ላይ የሚጻፈው ነው። እኛ አገር ሰው የሚጠራው በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም ስላልሆነ በማሊያው ላይ የራሱን ስም ይጻፉ። ስሙን በላቲን ፊደል እንዴት እንደሚጽፉት አስቀድመው ይወስኑ፤ አንዱን ሰው በሁለት ዓይነት አጻጻፍ አስገብቶ በኋላ ፍለጋ ላይ ማጣት የተለመደ ነው።

ኮሜንታሪ ኔም የሚባለው ተንታኙ በድምፅ የሚጠራው ስም ነው። ከተዘጋጀ ዝርዝር የሚመረጥ ስለሆነ አብዛኛውን የእኛን ስም አያገኙበትም፤ የሚቀራረብ ድምፅ ያለውን ይፈልጉ። ዜግነት፣ ዕድሜና የሚመታበት እግርም እዚሁ ይሞላሉ። ከእነዚህ ሁሉ ጥንቃቄ የሚፈልገው ዕድሜ ነው፤ በማስተር ሊግ ተጫዋቹ ምን ያህል እንደሚያድግ የሚወስን ነገር በመሆኑ ከ17 እስከ 20 ባለው መካከል ቢያደርጉት ለማሳደግ በቂ ጊዜ ያገኛሉ።

5. የሚጫወትበትን ቦታ ይወስኑ።

ጌሙ ከበረኛ እስከ አጥቂ 13 ቦታዎች አሉት። አንዱን ዋና ቦታ አድርገው ይመርጣሉ፣ ለሌሎቹ ደግሞ ኤ፣ ቢ ወይም ሲ የሚል ደረጃ ይሰጣሉ። ኤ ማለት በቦታው ሙሉ ብቃቱን ያሳያል ማለት ሲሆን፣ ሲ ማለት እንግዳ ነው ማለት ነው። ለቢኒ በግራ ክንፍ አጥቂነት ኤ፣ በግራ አማካይነት ቢ ሰጥቼ የቀረውን ሁሉ ሲ አድርጌ ትቼዋለሁ። ሁሉንም ኤ የሚያደርጉ አሉ። እንዲህ ሲሆን ኮምፒውተሩ ቡድኑን ራሱ ሲያሰልፍ ተጫዋቹን ባገኘው ቦታ ስለሚጥለው የክንፍ ተጫዋችዎን ተከላካይ ሆኖ ያገኙታል።

6. ፕሌይንግ ስታይሉን ይምረጡ።

ስታይል ማለት ተጫዋቹ ኳስ ሳይዝ ወዴት እንደሚሮጥ የሚወስን ነው። እርስዎ በጆይስቲክ የሚያዝዙት ኳስ ያለበትን ሰው ነው፤ የቀሩት አሥሩ የሚንቀሳቀሱት በስታይላቸው ነው። ስለዚህ ከብዙ ቁጥሮች ይልቅ ይህ አንድ ምርጫ በሜዳ ላይ ጎልቶ ይታያል። ስታይል የሚሠራው ከሚስማማው ቦታ ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ጎል ፖቸር ከተከላካይ ጀርባ ለመግባት የሚያደባ አጥቂ ስለሆነ ለመሐል ተከላካይ ቢሰጡት ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አንከር ማንም እንዲሁ ከተከላካይ አማካይ ቦታ ውጭ ጥቅም የለውም። ለቢኒ ፕሮሊፊክ ዊንገር ሰጥቼዋለሁ፤ መስመሩን ይዞ ሰፍቶ ይቆምና ኳስ ይጠብቃል።

ከዚህ ጎን ኮም ፕሌይንግ ስታይል የሚባል ሌላ ዝርዝር ያገኛሉ። ይህኛው የሚሠራው ተጫዋቹን ኮምፒውተር ሲያንቀሳቅሰው ብቻ ነው። እርስዎ ይዘውት ሲጫወቱ ምንም ለውጥ ስለማያመጣ «ሞላሁት ግን አልሠራም» ብለው አይገረሙ።

7. የብቃት ቁጥሮችን ይሙሉ።

ሥራው ሁሉ ያለው እዚህ ላይ ስለሆነ ከሁለቱ ሰዓት አንዱን ለዚህ ይስጡት። ቁጥሮቹ ከ40 እስከ 99 ይሄዳሉ። ባዶ ሜዳ ላይ ቆሞ ቁጥር መገመት አስቸጋሪ ነው፤ ስለዚህ መለኪያ የሚሆን ሰው ይፈልጉ። በጌሙ ውስጥ ካሉት መካከለኛ ቡድኖች ከእርስዎ ተጫዋች ጋር በቦታ፣ በቁመትና በስታይል የሚመሳሰል አንድ ሰው ይምረጡና ቁጥሮቹን ሁሉ በደብተርዎ ይገልብጡ። ታዋቂ ኮከብ አይምረጡ። ከኮከብ ላይ ሲቀንሱ እጅ ይሳሳል፣ ከመካከለኛ ላይ ሲጨምሩ ግን ያስባሉ።

ከዚያ ገጹን በሦስት ዓምድ ይክፈሉት፤ በግራ የመለኪያው ሰው ቁጥር፣ በመሐል የሚጨምሩት ወይም የሚቀንሱት፣ በቀኝ ውጤቱ ይሁን። እኔ የምከተለው ደንብ አንድ ነው፦ የጨመርኩትን ያህል ከሌላ ቦታ እቀንሳለሁ። ቢኒን ስሠራ የመለኪያው ሰው አክሰለሬሽን 80 ነበረ፤ «ከቆመበት ሲነሣ አይያዝም» የሚለውን አይቼ ሰባት ጨመርኩና 87 አደረግሁት። ያቺን ሰባት ከፊዚካል ኮንታክት ላይ አወጣኋት፤ 59 የነበረው 52 ሆነ። በደብተሬ ላይ ሁለቱን መስመሮች በቀስት አያይዣቸዋለሁ።

ብዙ ጊዜ የሚምታቱትን እነሆ፦

ስፒድና አክሰለሬሽን አንድ አይደሉም። ስፒድ የመጨረሻው ፍጥነት ሲሆን አክሰለሬሽን ወደዚያ ፍጥነት ለመድረስ የሚፈጀውን ጊዜ ይወስናል። ረጅምና ግዙፍ ተከላካይ ስፒዱ ደህና ሆኖ አክሰለሬሽኑ ዝቅ ቢል እውነት ይመስላል፤ ቢኒ ደግሞ በተቃራኒው 84 እና 87 ነው።

ድሪብሊንግ ኳስ ይዞ እየሮጠ የመቆጣጠር ብቃት ነው። ታይት ፖዘሽን ደግሞ በጠባብ ቦታ፣ በዝግታ፣ ሰው ተደርቦበት ሲዞር የሚታይ ነው። የክንፍ ተጫዋች ሁለቱንም ይፈልጋል፣ ወደ ኋላ ተመልሶ ጨዋታ የሚያደራጅ አማካይ ግን ያለ ድሪብሊንግ በታይት ፖዘሽን ብቻ ይኖራል። ለቢኒ 78 እና 77።

ባላንስና ፊዚካል ኮንታክት፦ የመጀመሪያው በእግሩ ቆሞ የመቅረት ነገር ነው፣ ሁለተኛው በትከሻ ግጭት የማሸነፍ። አጭር ተጫዋች ባላንሱ ከፍ ብሎ ፊዚካሉ ዝቅ ማለቱ ያስኬዳል፤ ሁለቱንም ከፍ ካደረጉለት ግን 60 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ግዙፉን ተከላካይ ገፍቶ ሲጥል ያያሉ።

ኪኪንግ ፓወር የምቱን ኃይል እንጂ ትክክለኛነቱን አያሻሽልም። ጎል አላስቆጥር ሲላቸው ይህን ወደ 95 የሚያወጡ ልጆች ኳሱን ከአግዳሚው በላይ ይሰዱትና ጌሙን ይሰድባሉ። የሚፈልጉት ፊኒሺንግን፣ ማለትም ጎል የማግባት ብቃትን ነው። ቢኒ ግን ጎል አግቢ ስላልሆነ በ62 ይበቃዋል፤ ክሮስ የሚያደርግበት ሎፍትድ ፓስ 72፣ ኳሱን የሚያጎብጥበት ከርል 71 ነው።

በጭንቅላት የመምታት ብቃቱ ሄዲንግ 50፣ የመከላከል ንቃቱ ዲፌንሲቭ አዌርነስ 46፣ ድካም የመቋቋም አቅሙ ስታሚና 68። አምስቱን የበረኛ ቁጥሮች 40 አድርገው ይለፉ።

በመጨረሻ ትንንሾቹ ቁጥሮች ይመጣሉ። የደካማው እግር አጠቃቀምና ትክክለኛነት ከ1 እስከ 4፣ ፎርም ከ1 እስከ 8፣ ጉዳት የመቋቋም ብቃት ከ1 እስከ 3 ይሄዳሉ። ትንሽ ስለሆኑ ቀላል አይምሰሉዎት። የደካማ እግር አጠቃቀም 1 የሆነ ልጅ ኳሷ በቀኙ ስትመጣ ወደ ግራው ለማዞር ይዘገያል፤ ያቺ መዘግየት ተከላካዩን ታደርስበታለች፤ ቢኒን ቢኒ የሚያደርገውም ይህ ነው። ፎርም ደግሞ ከጨዋታ በፊት የሚታየው ቀስት ወደ ላይ የሚያመለክትበትን ጊዜ ያበዛል፤ 8 ከሰጡት ሁልጊዜ በጥሩ ስሜት የሚገባ፣ አንድም ቀን የማይከፋው ሰው ይሆናል። እኔ 5 እሰጣለሁ።

ቁጥር እየሞሉ ሳለ ኦቨርኦል የሚባለውን ጠቅላላ ግምት ይመልከቱ። የሚሰላው በቦታው መሠረት ስለሆነ እነዚሁ ቁጥሮች ቦታ ሲቀየር ሌላ ግምት ይሰጣሉ። ለማሳደግ የታሰበ ወጣት ከ64 እስከ 70 ባለው ቢገኝ በቂ ነው።

8. ስኪል ይስጡ፣ ነገር ግን አይደርድሩ።

ስኪል ከቁጥሮቹ ውጭ ለተጫዋቹ የሚሰጥ ልዩ ችሎታ ነው። እያንዳንዱ ስኪል በደብተርዎ ከጻፉት ነገር ጋር የሚያያይዘው ምክንያት ይኑረው። ክሮሱ ጥሩ ነው ስላልን ፒንፖይንት ክሮሲንግ፤ ኳስ ይዞ ስለሚያታልል አንድ ወይም ሁለት የፌንት ዓይነት። ሱፐር ሰብ ተቀይሮ ሲገባ ብቃቱን ከፍ ያደርገዋል፤ ፋይቲንግ ስፒሪት ሲደክመው ብቃቱ እንዳይወርድ ያግዘዋል። ለቢኒ ሱፐር ሰብ ይገባዋል ብዬ ስላሰብኩ ሰጥቼዋለሁ፣ ስታሚናው 68 ነውና ዘጠና ደቂቃ አይዘልቅም። ኳስ ሲነጠቅ ወደ ኋላ የሚመልሰውን ትራክ ባክ ግን ነፍጌዋለሁ፤ አይመለስም ብለን ጽፈናል።

9. መልክና እንቅስቃሴውን ያስተካክሉ።

ፎቶውን ከጎንዎ አስቀምጠው ከቆዳ ቀለም ይጀምሩ፣ ቀጥሎ ፀጉር፣ ከዚያ ግንባር፣ ዓይን፣ አፍንጫና አፍ። ፊትን በቅርብ አጉልተው ብቻ አይሥሩ። በጨዋታ ሰዓት ካሜራው ርቆ ስለሚያሳይ ሰውን የሚያስለየው ፀጉሩ፣ ቁመናውና አሯሯጡ ነው። ልጆች የዓይን ሽፋን ላይ ግማሽ ሰዓት ሲያጠፉና አሯሯጡን ሳይነኩ ሲያልፉ አያለሁ። በሞሽን ክፍል የአሯሯጥ፣ የእጅ አወዛወዝ፣ የቅጣት ምትና የፍጹም ቅጣት ምት አመታት ዓይነቶች አሉ፤ ሰውየው ሜዳ ላይ ሲሮጥ በስልክ የተቀረጸ ቪዲዮ ካለ ከፎቶው ይበልጥ ይጠቅማል።

10. ቡድን ውስጥ ያስመዝግቡትና ያስቀምጡ።

የተፈጠረ ተጫዋች ቡድን ካልተሰጠው በጨዋታ ላይ አያገኙትም። የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በጌሙ ስለሌለ ሐዋሳ ከተማን ወይም ሲዳማ ቡናን ፈልገው አይድከሙ፤ ወይ ወደ ውጭ ክለብ ይልኩታል፣ ወይ አንድን ክለብ ስምና ማሊያ ቀይረው የራስዎ ያደርጉታል። የቡድኑ ስብስብ ሞልቶ ከሆነ መጀመሪያ አንድ ሰው ያስወጡ። የማሊያ ቁጥር ከሰጡ በኋላ ያስቀምጡ፤ የማስቀመጫው ምልክት ከስክሪኑ እስኪጠፋ ጆይስቲኩን አይንኩ። ቀጥሎ ደረጃ 1ን ይድገሙና አዲስ ቅጂ ወደ ፍላሽ ይውሰዱ።

11. በጨዋታ ይፈትሹት።

ሦስት የወዳጅነት ጨዋታ፣ እያንዳንዱ አሥር ደቂቃ፣ ቶፕ ፕሌየር በሚባለው የክብደት ደረጃ ይጫወቱ። በመጀመሪያው ተጫዋቹን እርስዎ ይዘውት፤ በሁለተኛው ከእርስዎ ቡድን ሆኖ ኳስ እምብዛም ሳይሰጡት፤ በሦስተኛው ደግሞ የእርሱን ቡድን ለኮምፒውተሩ ሰጥተው እርስዎ ተቃራኒ ይሁኑ። ሦስተኛውን ማንም አያደርገውም፤ ነገር ግን የተጫዋቹ ጉድ የሚታየው ያኔ ነው። ከላይ ያለው 87 የመጨረሻው ቁጥር ነው እንጂ ቢኒን መጀመሪያ የሠራሁት በአክሰለሬሽን 92 ነበር፤ ራሴ ስይዘው ደስ ብሎኝ ነበር። በሦስተኛው ጨዋታ የቀኝ ተከላካዬን አራት ጊዜ በአንድ መስመር አልፎ አራት ጊዜ ክሮስ ሲያደርግ ወደ ኤዲት ተመልሼ አምስት ቀነስኩለት።

ሲያስተካክሉ በአንድ ጊዜ አንድ ቁጥር ብቻ ይቀይሩና በደብተሩ ላይ ቀኑን ይጻፉ። አምስት ቁጥር በአንድ ላይ ከነካኩ ለውጡ ከየትኛው እንደመጣ አያውቁም።

12. ወደ ማስተር ሊግ ወይም ወደ ቢካም ኤ ሌጀንድ ያስገቡት።

ይህ ደረጃ ከሁሉም በኋላ የመጣው በዋና ምክንያት ነው። ማስተር ሊግ ሲጀመር የኤዲት መረጃውን በዚያ ሰዓት እንዳለ ይዞ ይሄዳል፤ ከተጀመረ በኋላ በኤዲት የሚቀይሩት የብቃት ቁጥር በተጀመረው ሊግ ውስጥ አይገባም። ስለዚህ ፈትሸው ሳይጨርሱ ሊግ አይጀምሩ።

በማስተር ሊግ ወጣት ተጫዋች የሚያድገው በልምምድና በመሰለፍ ነው። በመጀመሪያው የውድድር ዘመን ቢኒን ከስድሳኛው ደቂቃ በኋላ እያስገባሁ፣ ደካማ ቡድን ሲገጥመን ከመጀመሪያው አሰለፍኩት። ልምምዱን በሚችለው ነገር ላይ ብቻ አያድርጉ፤ ፍጥነት ያለውን ልጅ ፍጥነት ማሠልጠን ቁጥሩን እንጂ ጨዋታውን አይቀይረውም። እኔ መጀመሪያ ስታሚናውን፣ ቀጥሎ ማቀበሉን አስቀድሜያለሁ። ደክሞት እያለ ደጋግመው ካሰለፉት የጉዳት ዕድሉ ስለሚጨምር ቀስቱንና የድካም መለኪያውን ከእያንዳንዱ ጨዋታ በፊት ይመልከቱ። ግምቱ ሲወጣ የገበያ ዋጋውም አብሮ ይወጣል፤ ሌሎች ክለቦች ጥያቄ ማቅረብ ከመጀመራቸው በፊት ውሉን ያራዝሙለት። ሠላሳዎቹ ውስጥ ሲገባ ቁጥሮቹ መውረድ ይጀምራሉ፤ በፍጥነት ላይ የቆመ ተጫዋች ቀድሞ ይጎዳል። ማቀበሉን ቀድሞ ያሠለጠኑለት ልጅ ያኔ ወደ መሐል ገብቶ ጥቂት ዓመት ይጨምራል።

ቢካም ኤ ሌጀንድ ላይ ደግሞ የሚይዙት አንድ ተጫዋችን ብቻ ነው። በመጀመሪያ ተቀያሪ ወንበር ላይ መቀመጥ አለ፤ ትዕግሥት ይፈልጋል። ሲገቡ ኳሷን ተከትለው ሜዳውን ሁሉ አይሩጡ። ቦታዎን ይዘው፣ ቀላሉን ኳስ አቀብለው፣ ስትመለስ ለመቀበል ክፍት ሆነው ይጠብቁ። አሠልጣኙ የሚያየው የጨዋታ ውጤትዎን ነው፤ ይህም በተነጠቁት ኳስ ይወርዳል።

የተለመዱ ስሕተቶች

ሁሉንም 99 መሙላት። ይህን ያደረገ ሰው ሁለት ቀን ይደሰታል፣ በሦስተኛው ተጫዋቹን ያጠፋዋል። ለማሳደግ የሚቀረው ቁጥር ስለሌለም ማስተር ሊግ ትርጉም ያጣል።

ቁመትን ለክብር ብሎ መጨመር። 168 የሆነ ልጅ ራሱን 185 አድርጎ ያስገባና ለምን እንደኔ አይዞርም ይላል። ረጅም አካል በጠባብ ቦታ ይከብዳል፤ ለዚህ ነው እውነተኛውን ቁመት መጻፍ የሚሻለው።

ተጫዋቹን ፈጥሮ ማጣት። አብዛኛውን ጊዜ ቡድን ስላልተሰጠው ነው፤ ደረጃ 10ን ይመልከቱ። ቡድን ተሰጥቶት ከጠፋ ግን በኋላ የተጫነ ኦፕሽን ፋይል ስብስቡን ተክቶታል ማለት ነው።

ስታይሉ አይሠራም ማለት። ከቦታው ጋር መግጠሙን ይፈትሹ፤ በአሰላለፍ ላይ ከዋና ቦታው ውጭ አቁመውት ሊሆንም ይችላል።

በእንግዳ አካውንት መሥራት። ባለፈው ሳምንት ከፒያሳ አካባቢ የመጣ አንድ ልጅ ሦስት ሰዓት ተቀምጦ ራሱንና ሁለት ወንድሞቹን ሠራ፤ በፍላሽ ገልብጦ ቤቱ ሲወስደው ኮንሶሉ አልቀበልም አለው። የዳነው ደብተሩ ላይ ሁሉንም ቁጥር ጽፎ ስለነበረ ነው፤ በራሱ አካውንት እንደገና ሲያስገባቸው አርባ ደቂቃ አልፈጀበትም።